ለሳክስፎን መምህሬ ምስጋና፣ መማር ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሳክስፎን መማር የምትፈልጉ ወይም ልጃችሁን ማስተማር ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። መምህሬን በአደባባይ ላመሰግን ካሰብኩ ቆየሁ። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጽፈውም፤ ሥራቸው ግን ሳይነገር መቅረት የለበትም።

የጃዝ ተጫዋች ናቸው። በወጣትነታቸው የዳንስ ባንድ ውስጥ ከታላላቆቻቸው ጎን ተቀምጠው ኖታ እያነበቡ ጀመሩ፤ ከዚያ ስቱዲዮ ገብተው ዘፋኞችን አጀቡ፤ ኋላም የራሳቸውን ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) መሠረቱ። ማስተማር የያዙት መድረክ ስለራቃቸው አይደለም። ዛሬም ማታ ይጫወታሉ፣ ቀን ያስተምራሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ከበሮው ሲፈጥን ምን እንደሚደረግ፣ ፒያኖው ያልተጠበቀ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሲያመጣ እንዴት እንደሚመለስለት የሚያስረዱን ትናንት ማታ ከገጠማቸው ተነስተው ነው።

መጀመሪያ የሚያስተምሩት ድምፅ ማውጣት ነው። አንዷን ኖታ በቀስታ መጀመር፣ እያጎሉ መሄድ፣ መልሶ ማሳነስ፤ ሳይንቀጠቀጥ። ጀማሪ ቸኩሎ ጠንካራ ሪድ (ሲነፋ የሚንቀጠቀጠው፣ አፍ ላይ የሚያርፈው ስስ ሸንበቆ) ከገዛ አፉን ጨምቆ መንፋት ይለምዳል፣ ድምፁም ይቀጥናል፣ ከቅኝትም ይወጣል። ስለዚህ አብዛኛውን ጀማሪ ለስለስ ባለው 2 ወይም 2.5 ቁጥር ሪድ ላይ ያቆዩታል። መንጋጋ ሲላላና ትንፋሹ ሙሉ ሲሆን፣ ሁሉም ጀማሪ የሚፈራቸው የታችኞቹ ኖታዎች፣ ቢ እና ቢ ፍላት፣ መውጣት ይጀምራሉ። ከፒያኖ ጋር ለመጫወት የሚያስፈልገውንም ቀድመው ያስረዳሉ፤ አልቶ (አነስ ያለው ሳክስፎን) ላይ ሲ ብላችሁ የነፋችሁት ፒያኖው ላይ ኢ ፍላት ነው፣ ቴነር (ተለቅ ያለው) ላይ ደግሞ ቢ ፍላት።

ኢምፕሮቫይዜሽን (ዜማን እዚያው እየፈጠሩ መጫወት) ላይ ስንደርስ ግን ሳክስፎኑን አስቀምጡ ይሉናል። አንድ የብሉዝ ሶሎ ያሰሙንና በአፋችን እንድንዘፍነው ያደርጋሉ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ሳይቀር። ዘፍነን ሳንጨርስ ጣት ቁልፍ ላይ አያርፍም። ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙም፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ ያደርጉታል፤ አንደኛውን ምት ራሳችን መሸከም አለብን። ኮርዶቹን በቃል የሸመደደ ተማሪ እንኳ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ የጃዝ ስሜት የሚገባውም ይህን ሲያልፍ ይመስለኛል።

ሳክስፎን የሰው ድምፅ ያለውን ሁሉ ሊል ይችላል ብለው ያምናሉ። ለዚህም ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን የተጫወተውን ጌታቸው መኩሪያን ያሰሙናል። እድገቱ የዘገየበት ተማሪ ተስፋ ሲቆርጥ ደግሞ ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ሶኒ ሮሊንስ ያወሩለታል። ሮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ስሙ ገንኖ ሳለ መድረኩን ትቶ እስከ 1961 ድረስ ኒውዮርክ ዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ ይለማመድ ነበር። ይህን የሚነግሩት ለማጽናናት ብቻ አይመስለኝም፤ ራሳቸውም ከእኛ ትምህርት በፊት ያችኑ ረጅም ኖታ ሲነፉ ይሰማሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለሁሉም ሰው አይሆኑም። አንድ የሚወደውን ዘፈን ቶሎ ለምዶ ለዝግጅት መጫወት የሚፈልግ ሰው እሳቸው ዘንድ ይሰለቻል። የቤት ልምምድ ያላደረገ ተማሪንም ሳይቆጡ፣ ግን ሳያልፉ፣ ያንኑ ትምህርት ይደግሙለታል። በትዕግሥት መሠረት መያዝ ለሚፈልግ፣ በራሱ ጆሮ መተማመን ለሚሻ ግን ከእሳቸው የተሻለ መምህር አላውቅም።

መምህሬ፣ መስማት ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሳክስፎን ያልገዛችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አማክሯቸው፤ አልቶ ይሻላል ወይስ ቴነር የሚለውን የእጃችሁን ስፋትና ትንፋሻችሁን አይተው ይነግሯችኋል። አሮጌ መሣሪያ ያገኛችሁም ይዛችሁ ሂዱ፣ አየር የሚያሾልክ ፓድ (የቀዳዳ መክደኛ) ካለው ነፍተው ወዲያው ያውቁታል። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።