የእኛን ቦራ ለገሩልን ሰው ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ለልጄ የገዛነው ወንድ ድንክ ፈረስ ነው። ስሙ ቦራ ይባላል። ሲራገጥና ሰው ሲጥል የነበረው ቦራ ዛሬ ልጄን በሰላም ይዞ ይዞራል። ይህ እንዲሆን ያደረጉትን ፈረስ ገሪ በአደባባይ ማመስገን ፈልጌያለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ቃላቸውን አክብሬ ስለ ሥራቸው ብቻ እጽፋለሁ።

ቦራ አራት ዓመቱ ነው። ሻጩ «የተገራ ነው፣ ለልጅ ይሆናል» ብሎን ነበር። እውነትም በእጅ ሲስቡትና ሲቦርሹት እንደሱ ጨዋ የለም። ኮርቻ ላይ ሰው ሲወጣ ነው ጉዱ። አንገቱን ወደ መሬት ይደፋል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ከዚያ የኋላ እግሮቹን አንስቶ ይፈናጠራል። ልጄ ወደቀች። ሄልሜቷ ባይኖር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ «ተንኮለኛ ነው፣ መልሱት» አለ። ሌላው «አለንጋ ይቅመስ» አለ። «ጠንካራ ጋላቢ ይውጣበትና እስኪደክም ይዝለል» ያለም አለ።

እኚህ ሰው ሲመጡ ግን ሊወጡበትም አልሞከሩ። ቆመው አዩት። ሲራመድ አዩት፣ ሲዞር አዩት፣ ጀርባውን በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። ከዚያ ኮርቻ እንድጭንለት ጠየቁኝ። ማሰሪያውን ሳጠብቅ ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ ጭራውን ወዘወዘ። «አየሽ ልጄ፣ ገና ሳትወጡበት ነው የሚነግራችሁ» አሉኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ምልክቱን እንደ ቁጣ ነበር የምንቆጥረው።

ኮርቻው ጠባብ ነበር። ጫንቃው ላይ ይጫነዋል፣ ከኋላ ደግሞ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት አልፎ ወገቡ ላይ ያርፋል። ወገቡ ላይ ክብደት የሚሸከም የጎድን አጥንት የለም። እግር የሚልጥ ጫማ አድርጎ ሩጥ እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ የወተት ጥርሱን ይለውጣል። ስለዚህ በቦራ ዕድሜ ልጓም አፉን ሊያሳምመው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ጀርባውንና አፉን ሳያይ ሥልጠና እንደማይጀምሩ በግልጽ ነገሩን። ገንዘብ ሊቀበሉበት የሚችሉትን ሥራ ራሳቸው አዘገዩት። እኔ በዚች ነገር ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው።

ሐኪሙ አየው፣ የሾሉትን ጥርሶች ሞረደለት። ኮርቻው ተቀየረ። ምግቡም ተስተካከለ፤ ጥራጥሬው ቀንሶ ድርቆሹ በዛ። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ቢኖርም ባይኖርም አሲድ ያመነጫል። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ባዶ አፉን የሚውል ፈረስ ጨጓራው ሊቆስል ይችላል። ይህንንም ያስረዱን እሳቸው ናቸው።

ሥልጠናው ከመሬት ተጀመረ። በረጅም ገመድ ይዘው በሰፊው ክብ ያስኬዱታል፣ ያስቆሙታል፣ አቅጣጫ ያስለውጡታል። ሲታዘዝ ወዲያው ገመዱን ያላሉለታል። ፈረስ የሚማረው ስትጫነው ሳይሆን ስትለቀው ነው ይላሉ፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ቀጥሎ ባዶ ኮርቻ ተጫነበት። ከዚያ ቀላል ክብደት ያላት ረዳታቸው ሳትቀመጥ በሆዷ ጀርባው ላይ ተጋደመች፣ ወረደች፣ ደገመች። ቦራ ሲዝናና ብቻ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፉት። አንድ ቀን እንደተጨነቀ አይተው ሥራውን አቋርጠው ሄደዋል። እኔ ቸኩዬ ነበር፤ እሳቸው አልቸኮሉም።

ልጄንም አስተምረዋታል። ፈረስ አንገቱን ሳይደፋ በደንብ መፈናጠር ይከብደዋል። ስለዚህ ጀርባው ሲጠነክር ከተሰማት ሁለቱንም ዛብ (ከልጓሙ ወደ ጋላቢው እጅ የሚመጣውን ማሰሪያ) ጎትታ አትይዘውም። አንዱን ዛብ ወደ ጎን ቀስ አድርጋ ስባ ጭንቅላቱን ታዞረዋለች፤ የኋላ እግሮቹ ተሻግረው ሲረግጡ የሚፈናጠርበት ኃይል ይበተናል። ከዚያ ወደ ፊት ታስኬደዋለች። ይህን ቆሞ እያለ፣ ቀጥሎ በእርምጃ እየሄደ ደጋግማ ተለማመደችው። ሶምሶማ የፈቀዱላት ከዚያ በኋላ ነው።

ክብደትንም አንስተውልናል። ጋላቢና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት ከመቶ 20 በላይ ባይሆኑ ይመክራሉ። ለወጣት ፈረስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሻላል፤ የጀርባ አጥንቱ አድጎ የሚጨርሰው አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ነውና። 200 ኪሎ የሚመዝን ድንክ ላይ የ60 ኪሎ ሰው አውጥቶ «ይድከም» ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያን ምክር ባለመስማታችን ደስ ይለኛል።

ቦራ አሁንም ወጣት ነው። ነፋስ ሲነሳ ይደነግጣል፣ አንዳንዴም በደስታ ይዘላል። ልጄ ግን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፣ እሱም እሷን ይሰማታል። ማሰሪያው ሲጠብቅ ጆሮውን ማጠፍ ትቷል። ለእኔ ትልቁ ውጤት ይሄ ነው።

ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ቀን አስተካክሉልኝ ለሚል ሰው ግን አይሆኑም፤ ፈረስ የሚመታም አያስጠጉም። ከመጻፋችሁ በፊት ፈረሱ ሲራገጥ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ኮርቻው ተጭኖበት ከጎን የተነሳ ፎቶ፣ ዕድሜውንና የሚበላውን አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው። እስከዚያው ልጅ አታውጡበት።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።