ካሲዮ ሲቲ ኤስ 300 ኪቦርድ፦ ስምንት ወር ከተጠቀምንበት በኋላ

ለልጅ መለማመጃ ሚሆን ኪቦርድ በአቅማችሁ ፈልጋችሁ ግራ ለገባችሁ ነው ይሄን ምጽፈው፣ እኛም በደንብ ግራ ገብቶን ስለነበር። ልጄ ዘጠኝ አመቷ ነው፣ አምና ፒያኖ ልማር ብላ ሰፈር ውስጥ አስተማሪ አግኝተንላት ጀመረች። መጀመሪያ የገዛንላት ስሙም ማይታወቅ ባለ 61 ቁልፍ ነበር፣ ካርቶኑ ላይ ይሄን ያህል መቶ ድምጽ ይሄን ያህል መቶ ሪትም ተብሎ ተጽፏል፣ ሻጩ ደግሞ ማይክ አለው መብራት አለው ምናምን እያለ አሳየን፣ እኛም ደስ ብሎን ተሸክመን ገባን። አስተማሪዋ ቤት መጥቶ ሲያየው ምንም ሳይናገር አንዷን ቁልፍ ቀስ ብሎ ነካት፣ ከዛ ጠበቅ አድርጎ መታት። ድምጹ ያው ነው። "በዚህ ከለመደች ጣቷ ፒያኖ ላይ ሲሄድ ይቸገራል" አለኝ።

በቃ ዋናው ነገር እሱ ነው። ተች ሪስፖንስ ይሉታል፣ ቀስ ስትነኩት ቀስ ያለ፣ ስትመቱት ጮክ ያለ ድምጽ ሚሰጥ ማለት ነው። እሱ የሌለው ኪቦርድ አንድ ሺህ ድምጽ ቢኖረው ልጁ ስሜት አስገብቶ መጫወት አይማርበትም። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የራሱን ዴሞ ከፍቶ ከማስደመሙ በፊት ፒያኖ ድምጹ ላይ አድርጉትና አንድ ቁልፍ ቀስ ከዛ ጠንከር አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ለውጥ ከሌለው መጀመሪያ ሴቲንጉ ተዘግቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልሆነ ተዉት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሚሸወድበት ነገር አለ። ካሲዮ ሲቲ ኤስ 200 እና 300 ቁመናቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 61 ቁልፍ፣ ሁለቱም 400 ድምጽ፣ ግን 200ው ተች የለውም 300ው አለው። ያማሃም እንደዛው ነው፣ ፒኤስአር ኢ273 የለውም፣ ኢ373 አለው። የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ ሰው ርካሹን ያነሳል፣ እባካችሁ እሷን ትንሽ ብር ጨምሩ።

እኛ 300ውን እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ አመጣችልን፣ እሷ የከፈለችው ከ200 ዶላር ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ክብደቱ 3.3 ኪሎ ብቻ ነው፣ መያዣም አለው፣ ልጄ ራሷ አንጠልጥላ ከመኝታ ቤት ሳሎን ታመጣዋለች። ርዝመቱ 93 ሳንቲም ስለሆነ አየር መንገዶች ለሻንጣ ሚፈቅዱት 158 ሳንቲም (ርዝመት ስፋት ከፍታ ተደምሮ) ውስጥ ይገባል፣ ካርቶኑን ግን ለብቻው ለኩት። 88 ቁልፍ ያላቸው ግን አይገቡም፣ ያማሃ ፒ 45 ርዝመቱ ብቻውን ከ1 ሜትር ከ30 በላይ ነው፣ እንደ ትርፍ ሻንጣ ያስከፍላችኋል።

ከውጭ ለምታስመጡ ደግሞ አንድ ነገር። አዳፕተሩን ሳትሰኩ ጽሁፉን አንብቡ! ኢንፑቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ሚል ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ መቀየር ብቻ ይበቃል። 120 ቮልት ብቻ ሚል ከሆነ የኛ መብራት 220 ስለሆነ በደቂቃ ውስጥ ነው ሚቃጠለው፣ የዘመዳችን ልጅ ኪቦርድ እንደዛ ሆኖ አዳፕተሩ ሸቶ ሲጨስ በአይኔ አይቻለሁ። እዚህ ሌላ ስትገዙለትም ቮልቱ እና የፕላስ ማይነሱ ምልክት ከኪቦርዱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፣ የካሲዮው 9.5 ቮልት ነው።

በጣም የወደድኩት ግን በድንጋይ መስራቱ ነው። ስድስት የሪሞት ድንጋይ (ወፈር ያለው፣ AA ሚባለው) ይበቃዋል፣ መብራት ሲጠፋ ልምምድ አይቋረጥም፣ ለኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንጋፋው የኪቦርድ ተጫዋች ሃይሉ መርጊያ እንኳን ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ በባትሪ ሚሰራ ኪቦርድ መኪናው ኋላ ይዞ ኤርፖርት ተሳፋሪ እስኪያገኝ ይለማመድ ነበር፣ እሱን ሳስብ ለልጄ ሁሌ ነው ምነግራት።

ሌላው ከጎን ያለችው ፒች ቤንድ ጎማ ናት፣ ስታዞሯት ድምጹን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። ለኛ ዜማ ትጠቅማለች፣ ማሲንቆ ድምጽ ከድምጽ ሲያንሸራትት እንደሚሰማው አይነት ትንሽ ትሰጣችኋለች፣ 200ው ላይ እሷም የለችም። ደግሞ ልጅ ቶሎ እንዲወደው ከፈለጋችሁ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ አስነኳት፣ ሶስት ሆነው ከተደረደሩት የመጀመሪያውን ይዛ አምስቱን በተርታ ወደ ቀኝ ብትሄድ ትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው ሚወጣው። ልጄ በመጀመሪያው ቀን አያቷን ያስለቀሰችው በነዚህ አምስት ቁልፎች ነው።

ጉድለቱ። ስፒከሩ ትንሽ ነው፣ ግራ እጅ ላይ ያሉት ወፍራም ድምጾች ይሳሳሉ። ከቤት ስፒከር ጋር በሄድፎኑ ቀዳዳ ስናገናኘው በጣም ይለያል። ፔዳል አብሮ አይመጣም፣ ለብቻው ነው ምትገዙት። ቁልፎቹ ቀላል ናቸው፣ የእውነት ፒያኖ ክብደት የላቸውም፣ ይሄን ያወቅኩት ጓደኛዬ ቤት ፒ 45 ነክቼ ነው፣ እሱ በመዶሻ ሚሰራውን ፒያኖ ክብደት ያስመስላል፣ ግራው ከበድ ቀኙ ቀለል ይላል፣ ጣት በደንብ ይሰራል። ግን 11 ኪሎ ተኩል ነው፣ በድንጋይ አይሰራም፣ ውጭ አዲሱ ወደ 500 ዶላር ነበር። ልጁ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ሚል ደረጃ ላይ ከሆነ ወይም ትልቅ ሰው ሆናችሁ ክላሲካል ምትማሩ ከሆነ በቀጥታ ወደዛ ሂዱ፣ 61 ቁልፍ ላይ ብራችሁን አትጨርሱ። ለጀማሪ ልጅ ግን የኛ አስተማሪ እስከ ሁለት አመት ይበቃታል ብሎናል።

እስካሁን አንድም ቁልፍ አልተበላሸም። አሁን ፔዳሉን እየፈለግን ነው፣ እስከዛ ማታ ማታ ሄድፎን አድርጋ ትለማመዳለች፣ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጎረቤትም አይረበሽም፣ እኔ ሚሰማኝ የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው።