ሱፐርማን 4ን ለብቻው ገዝታችሁ እንዳትሸወዱ

ይህን የምጽፈው ፊልሙን ገና ላላያችሁና ልትከራዩት ወይም ልትገዙት ለምታስቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው አራተኛው የሱፐርማን ፊልም፣ ያ «ሰላም ፍለጋ» የሚባለው፣ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። ስሙ የጠፋው ግን በሐሜት አይደለም። የሥራውን ነው ያገኘው።

አሁን አሁን «ኧረ ያን ያህል አይደለም፣ ሰው አጋኖት ነው፣ እንዲያውም ደስ ይላል» የሚል ወሬ በየቦታው ትሰማላችሁ። የተጠላ ፊልም ሁሉ ጊዜው ሲርቅ ጠበቃ ያገኛል። አንዳንዱ እውነትም ተበድሎ ስለነበር ጠበቃ ይገባዋል። ለዚህኛው ግን ያንን ሰምታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እጃችሁን እንዳትከቱ። ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ «አይረባም» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም፣ ደግሞም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉም ነገር ሱፐርማንን በሚጫወተው በክሪስቶፈር ሪቭ ላይ ሲደፈደፍ በጣም ያናድደኛል።

መጀመሪያ የሚሸውዳችሁ የተዋናዮቹ ስም ነው። በ1983 በወጣው ሦስተኛው ክፍል የሱፐርማንን ዋና ጠላት ሌክስ ሉተርን የሚጫወተው ጂን ሃክማን የለም። ሱፐርማን የሚወዳትን ጋዜጠኛ ሎይስ ሌንን የምትጫወተው ማርጎት ኪደርም ብቅ ብላ ነው የምትጠፋው። በአራተኛው ሁለቱም ተመልሰዋል። ሪቭ አለ፣ የጆን ዊሊያምስ ዜማ አለ፣ ሱፐርማን ማንነቱን ደብቆ ክላርክ በሚል ስም የሚሠራበት ዴይሊ ፕላኔት ጋዜጣም ከነሠራተኞቹ አለ። ይህን ያየ ሰው «በቃ፣ ወደ ድሮው ተመለሱልን» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብሆን ማስታወቂያውን ብቻ አይቼ ብፈርድ እንደዚያው ነበር የምለው።

ችግሩ ከካሜራው ጀርባ ያለው ቤት ተቀይሯል። የፊልሙን መብት ካነን ፊልምስ የሚባል ድርጅት ገዝቶት ነበር። ሜናኸም ጎላንና ዮራም ግሎበስ የሚባሉ የአጎት ልጆች የሚመሩት፣ ብዙ ፊልም በርካሽ ቶሎ ቶሎ እየሠራ የሚያወጣ ድርጅት ነው። በዚያን ጊዜ ወደ 30 የሚጠጋ ፊልም በአንድ ላይ ይዞ ነበር። ለሱፐርማን 4 በመጀመሪያ የታሰበው በጀት 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር ይባላል። ሥራው ሊጀመር ሲል ወደ 17 ሚሊዮን ወረደ። የ1978ቱ የመጀመሪያው ፊልም 55 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ፈጅቷል። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ሁሉ ነገር ተወድዶ፣ የዚያን ሲሶ በማይሞላ ገንዘብ ሰው አስበርራለሁ ማለት ነው።

እና ይታያል። ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መብረሩን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊልም የተሸጠው ሰው ሲበር አይታችሁ ታምናላችሁ በሚል ቃል ነበር፤ ቃሉንም ጠብቋል። የእይታ ኢፌክቱ ልዩ የኦስካር ሽልማት እስከማግኘት ደርሷል። ሪቭ ሲበር ትከሻው፣ አንገቱ፣ ዓይኑ ሁሉ አብሮ ይበራል። ወደ አራተኛው ስትመጡ ደግሞ ሱፐርማን አንድ ክንዱን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ሲመጣ የሚያሳይ አንድ ምስል አለ። ያችን ምስል ልብ በሉልኝ። ትንሽ ቆይቶ ያው ምስል ይመጣል። ከጀርባው ያለው ሰማይ ብቻ ተቀይሯል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ያው ፊት፣ ያው ክንድ፣ ያው አመጣጥ። በሦስተኛው ላይ ልጅም ቢሆን ያውቅባቸዋል። አንዳንዱ ቦታ ላይ የተንጠለጠሉበት ሽቦ ራሱ ይታያል።

ከዚያ ሱፐርማንና ጠላቱ ጨረቃ ላይ የሚደባደቡበት ትዕይንት አለ። ሕዋ ነው ተብሎ የተዘረጋው ጥቁር መጋረጃ እጥፋቱ ሁሉ ይታያል። ይህን የምለው እንከን ለመልቀም አይደለም። የድሮ ፊልም ላይ ኢፌክቱ ቢያረጅ ማንም ይቅር ይላል፤ የዘመኑ አቅም ያ ነበርና። እዚህ ግን አቅሙ አልጎደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚሁ ተዋናይ፣ በዚሁ ልብስ፣ ከዚህ እጅግ በተሻለ ሁኔታ ተሠርቶ አይተናል። እርጅና ሌላ፣ ስስት ሌላ።

ሪቭ ራሱ በ1998 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ላይ ስለ አንድ ትዕይንት የጻፈው ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። ስክሪፕቱ ላይ ሱፐርማን ኒውዮርክ 42ኛ ጎዳና መሀል አርፎ በእግሩ እየተራመደ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ይሄዳል። አስቡት፤ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ሰው ከየመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ሕዝቡ ከኋላው ሲከተል። የመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር ሪቻርድ ዶነር ቢሆን ኖሮ እዚያው 42ኛ ጎዳና ላይ ነበር የሚቀርጸው ይላል ሪቭ። የተቀረጸው ግን እንግሊዝ አገር፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መቶ በሚሆኑ አጃቢዎች ነው። አንድ መኪና የለም። ድምቀት እንዲሰጡ ጥቂት እርግቦች ተለቅቀዋል። የተባበሩት መንግሥታት ሆኖ የምታዩት ሕንጻ የሚልተን ኪንስ ከተማ የባቡር ጣቢያ ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ትዕይንቱን ስታዩ ሰውየውን ታዝኑለታላችሁ። ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ልቡን ሰጥቶ ይራመዳል። ዙሪያው ግን ባዶ ነው።

በዚህ ላይ መቀሱን ጨምሩበት። ፊልሙ መጀመሪያ ሲጠናቀቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ነበር። ለሙከራ ታይቶ ሳይወደድ ሲቀር 45 ደቂቃ ያህል ቆርጠው ጣሉና 90 ደቂቃ ብቻ ቀረ። ለዚህ ነው ታሪኩ ዘለል ዘለል የሚለው። ማሪየል ሄሚንግዌይ የምትጫወታት ሌሲ የምትባል ሴት አለች። ጠላትየው ይዟት ወደ ሕዋ ይወጣል። ያለ ልብስ፣ ያለ ኦክስጅን፣ በሰላም ትተነፍሳለች። ደግሞ ለምን እሷን እንደፈለጋት እንኳ በቅጡ አይገባችሁም፤ የጋዜጣ ፎቶዋን አየ፣ በቃ፣ ተነሳ ሄደ።

ስለ ጠላትየው ብዙ ማለት አልፈልግም። «ኑክሌር ማን» (የኑክሌር ሰው) ይባላል። ሌክስ ሉተር ከሱፐርማን አንዲት የጸጉር ዘለላ ተነስቶ የሠራው ነው። ጥፍሩ ረዝሞ ይቧጭራል፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ ኃይሉ ይጠፋል። የሚናገርበት ድምፅ እንኳ የሃክማን ነው።

አሁን ወደ ጠበቆቹ ክርክር እንምጣ። ዋናው መከራከሪያቸው «ሐሳቡ ጥሩ ነበር» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የሪቭ የራሱ ሐሳብ ነው፤ በታሪክ ጸሐፊነት ስሙ ተጠቅሷል። የኑክሌር ጦር መሣሪያ ሽቅድምድም ዓለምን ያስፈራበት ጊዜ ነበር። ፊልሙ በወጣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን ለማስወገድ ስምምነት ፈርመዋል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ተማሪ ልጅ ለሱፐርማን ደብዳቤ ይጽፋል፦ አንተ እኮ ትችላለህ፣ እነዚህን መሣሪያዎች አጥፋልን ይለዋል። ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ሁሉን የሚችል ሰው ሁሉን ማድረግ አለበት ወይ? የሰው ልጅ ራሱ ሊፈታው የሚገባውን ነገር እሱ ቢፈታለት መልካም ነው? የተወለደበት ፕላኔት አባቶች በሰው ታሪክ ጣልቃ አትግባ ብለውታል። ከዚህ ትልቅ ፊልም ይወጣ ነበር።

ግን አልወጣም። ሱፐርማን የዓለምን ሚሳይል ሁሉ በትልቅ መረብ ሰብስቦ ወደ ፀሐይ ይወረውረዋል። ማን ተቃወመ? ማን ፈራ? መሣሪያውን የተቀማ መንግሥት ምን አለ? አንድም የረባ መልስ የለም። ጥያቄው ተነስቶ ተጣለና ቀሪው ጊዜ ሁለት ሰው በሰማይ ሲጓተት ያልቃል። የቻይና ታላቁ ግንብ ሲፈርስ ሱፐርማን በዓይኑ እያየ ብቻ ድንጋዩን መልሶ ይደረድረዋል። እንዲህ ዓይነት ችሎታ ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ፊልሙም አይነግራችሁም። መጨረሻ ላይ ሰላም የሚመጣው ሰዎች ራሳቸው ከልብ ሲፈልጉት ነው የሚል ንግግር ያደርጋል። ቆንጆ ንግግር ነው። ፊልሙ ግን ለዚያ ንግግር የሚሆን መንገድ አልጠረገለትም። መልካም ሐሳብ ደግሞ የፊልም ቲኬት ዋጋ አይተካም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ሪቭን ይመለከታል። እዚህ ላይ ከጠበቆቹ ጋር ነኝ። ሪቭ በዚህ ፊልም ውስጥ አልሰነፈም። ክላርክ ታሞ ቤት ተኝቶ ሎይስ ልትጠይቀው የምትመጣበት ትዕይንት አለ። ማንነቱን ታውቅ ይሆን አታውቅ ሳትናገር፣ ለሱፐርማን ልትለው የምትፈልገውን ለክላርክ ትነግረዋለች። ኪደር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው። ሪቭ ሲሰማት ፊቱ ይለዋወጣል። ሽቦ የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ሁለት ጎበዝ ተዋናዮች አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ። ይህ ትዕይንት የተሻለ ፊልም ውስጥ ቢሆን ዛሬም ይወራለት ነበር። ክላርክም ሱፐርማንም በአንድ ምሽት ቀጠሮ ይዘው አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ የሚራወጥበትም አለ፣ ያስቃል። ግን ሁለት ጥሩ ትዕይንት ለማየት 90 ደቂቃ ሙሉ ዋጋ አይከፈልም።

ሪቭ ወደዚህ ፊልም የተመለሰው አንዱም ምክንያት ካነን ሌላ ሊሠራው የሚፈልገውን «ስትሪት ስማርት» የተባለ ፊልም ወጪ ስለሸፈነለት ነው። እሱም በ1987 ወጣ። ሞርጋን ፍሪማን ለመጀመሪያ ጊዜ ለኦስካር የታጨው በዚያ ፊልም ነው። የሪቭን ትወና ፍለጋ ሱፐርማን 4ን ልትከፍቱ ከሆነ እሱን ፈልጋችሁ እዩ፣ ብዙ ታተርፋላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም የጀግና ፊልም ተከታይ የሚበላሸው በገንዘብ እጦት ነው እያልኩ አይደለም። የ1997ቱ «ባትማን ኤንድ ሮቢን» ገንዘብ ሞልቶለት ነበር፣ አሻንጉሊት መሸጫ ሆኖ ቀረ፤ ዳይሬክተሩ ጆኤል ሹማከር በኋላ ተመልካቹን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። የሱፐርማን 4 በደል ግን ለየት ይላል። ከቀደሙት ፊልሞች ያገኘነውን እምነት ይዞ ነው የሸጠን። ተመልካቹም ገብቶት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ገቢው 16 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ሌላ የሱፐርማን ፊልም ሲኒማ ቤት እስኪገባ 2006 ድረስ፣ 19 ዓመት ተጠበቀ።

አሁን ወደ ግዢው። አራቱም ፊልሞች በአንድ ላይ በስብስብ ይሸጣሉ፣ በ2023ም በ4ኬ ጥራት ወጥተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፈልጋችሁ ስብስቡን የምትገዙ ከሆነ አራተኛው አብሮ ይመጣል፣ ችግር የለውም። ለብቻው ግን አትግዙት። 4ኬ የሚለው ቃልም እንዳያጓጓችሁ። ጥራቱ በጨመረ ቁጥር ሽቦውና መጋረጃው ነው የሚጎላው፤ ፊልሙም ያው የ90 ደቂቃው ነው። ተቆርጠው ከወደቁት ትዕይንቶች ብዙዎቹ በ2006 በወጣው ዲቪዲ ላይ በተጨማሪነት ገብተዋል። ለፊልም ሥራ ፍቅር ያላችሁ፣ እንዴት እንደተበላሸ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ የሚጠቅማችሁ ያ ዲቪዲ ነው። ስትገዙ ሽፋኑ ጀርባ ላይ የተቆረጡ ትዕይንቶች እንዳሉት አረጋግጡ፤ ሳይኖረው የሚሸጥም አለ።

ልጆች ይዛችሁ ልታዩ ካሰባችሁ ደግሞ ሁለተኛውን አስቀድሙ። እሱን ስትፈልጉ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ በ1980 የወጣው፣ ዶነር ከሥራው ከተነሳ በኋላ ሪቻርድ ሌስተር የጨረሰው ነው። ሌላው በ2006 ዶነር ራሱ ቀርጾት ከነበረው ተሰብስቦ የወጣው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የ1980ው ይሻላል፤ የተሟላ ፊልም ነው። የዶነሩን ለሌላ ቀን አቆዩት።