የሞተር ሳይክል ማርሽ ሲከብድ፦ የፍሪሲዮን ገመድ ማስተካከል ወይስ ዘይት መቀየር?

በአዳማ ሙቀት ቆም ሄድ እያለ የሚሠራ ሞተር ሳይክል ማርሹ ሲከብድ፣ ባለቤቱ ቤቱ ሆኖ ሁለት ነገሮችን ሊሞክር ይችላል።

ገመዱን ማስተካከል ከመፍቻ በቀር ወጪ የለውም። በብዙ ሞተሮች የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ልቅነት (ገመዱን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ያለው ባዶ እንቅስቃሴ) ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ ማርሹ እየተንገጫገጨ ይገባል፣ ቆሞ ሳለም ዜሮ ማርሽ ማግኘት ያስቸግራል። ልቅነቱ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ሸራ እየተንሸራተተ ስለሚቃጠል፣ ከመጠን በላይ ማጥበቅን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ።

ዘይት መቀየር ገንዘብ ይጠይቃል። በአብዛኞቹ ሞተሮች ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) እና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት ስለሚጋሩ፣ ጄኤኤስኦ ኤምኤ (JASO MA፣ ፍሪሲዮን የማያንሸራትት የሞተር ሳይክል ዘይት መለያ) የሚል ምልክት ያለው ይመረጣል።

እጀታው ከላላ ገመዱ ይቅደም፤ ዘይቱ ከቆየና ችግሩ ሞተሩ ሲሞቅ ከባሰ ዘይቱ። የገባ ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ግን ካምቢዮውን መካኒክ ይክፈተው።