በኮቪድ ወቅት ከመድኃኒታችን እንዳንለያይ ለረዳችን የኤአርቲ አማካሪ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ ይገኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ የሕክምና ክትትሌ እንዳይቋረጥ ላደረገች አንዲት የኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክፍል አማካሪ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም ቫይረሱ በደማችሁ ያለ አንባቢዎች በየምትታከሙበት ተቋም የእርሷን ዓይነት አገልግሎት ጠይቃችሁ እንድታገኙ ለመጠቆም ነው። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ ያልጠቀስኩት እርሷ ስለከለከለችኝ ነው፤ እርሷ ከታወቀች፣ የምትደውልላቸውና ከእርሷ ጋር የሚታዩ ሰዎች ሁሉ አብረው ይታወቃሉ። እርሷ ራሷም ከቫይረሱ ጋር የምትኖርና መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰደች አቻ አማካሪ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። ድርጅቱ ከተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር ጋር ሆኖ በሜይ ወር ባወጣው ትንበያ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አቅርቦት ለ6 ወራት ቢስተጓጎል ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ብቻ ከ500,000 በላይ ተጨማሪ ሰዎች ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። በጁላይ ደግሞ 73 አገሮች መድኃኒቱ ሊያልቅብን ይችላል ሲሉ፣ 24ቱ ክምችታቸው በአሳሳቢ ደረጃ ማነሱን ወይም አቅርቦቱ መስተጓጎሉን አስታውቀዋል። በረራ ቆሞ ነበር፤ የመርከብ ጭነት ዘግይቶ ነበር። የተፈራው እልቂት በዚያ መጠን ያልደረሰው፣ ከሌሎች ምክንያቶች በተጨማሪ፣ ብዙ ተቋማት የ3 ወይም የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠትን ስላስፋፉ ነው። ይህ አሠራር በደህና ሁኔታ ላይ ላሉ ታካሚዎች ቀድሞም የተመከረ ቢሆንም፣ በብዙ ቦታ በሙሉ ልብ የተሠራበት ወረርሽኙ ካስገደደ በኋላ ነው፤ ለምን እስከዚያ እንደተጠበቀ ግን እስካሁን አይገባኝም።

ሆኖም መድኃኒቱ ከመጋዘን ወጥቶ ታካሚው እጅ መድረሱ አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ በሰዓቱ መዋጡ ደግሞ ሌላ ነው። አማካሪያችን የሠራችው ሥራ በዚህ መሐል ያለው ሥራ ነው። ለመድኃኒት ቤቱ የበርካታ ወራት መድኃኒት ማለት አንድ ጊዜ የሚፈረም ወረቀት ነው፤ ለቤተሰቡ ላልተናገረ ሰው ግን የሚደበቅበት ቦታ የሌለው የብልቃጥ ክምር ነው። በብልቃጥ ውስጥ ያለ ክኒን ሲንቀሳቀስ የሚያሰማውን ድምፅ ከእኛ መካከል የማያውቀው የለም። እርሷ መድኃኒቱን ስታስረክብ የተቋሙ ምልክት በሌለው ተራ ከረጢት ታደርገውና፣ በእያንዳንዱ ብልቃጥ አፍ ላይ ንጹሕ ጥጥ ጠቅጠቅ አድርጋ፣ ድምፁ መጥፋቱን ራሷ ነቅነቅ አድርጋ ታረጋግጥ ነበር። እርጥበት የምትስበውን ትንሽ ከረጢት ከብልቃጡ እንዳናወጣ፣ ክኒኖቹንም ወደ ሌላ ዕቃ እንዳንገለብጥ ደጋግማ ታስጠነቅቀን ነበር።

ከቤት አትውጡ የሚለው ትእዛዝ ለሌላው ሰው መሰላቸት ሊሆን ይችላል፤ ምስጢሩን ለያዘ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ በዓይን ሥር መዋል ነው። ቀድሞ በሥራ ቦታ ወይም ቤቱ ጭር ሲል መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው፣ በድንገት ለብቻው የሚሆንበት ሰዓት አጣ። ስልክ ማናገርም እንዲሁ ችግር ሆነ። አማካሪያችን ስትደውል ስለ መድኃኒት አንዳች ከመናገሯ በፊት «አሁን ለማውራት ይመቻል?» ትላለች፤ «ተሳስተዋል፣ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው» ካልናት ይቅርታ ጠይቃ ትዘጋና ሌላ ሰዓት መርጣ ትመልሳለች። መልእክት ስትጽፍም የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም ወይም የክፍሉን ስም አታነሣም። የመዋጫ ሰዓቴ የማይመች መሆኑን ስነግራት ሰዓቱን እንድቀይር የረዳችኝ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ነው፤ ጠፍቶ መቅረትን እንጂ ሰዓት መቀየርን እንዳልፈራ ነገረችኝ።

እንቅስቃሴ ሲገደብ ሌላ ጣጣ መጣ። በየኬላው ወዴት እንደምንሄድ የሚጠይቁን ሰዎች ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ በእጃችን ያለው ማስረጃ ደግሞ የክትትል ካርዳችን ነው፤ ካርዱን ማሳየት ሁሉንም መናገር ነው። አንድ ኬላ ላይ ካርዴን ከተቀበለኝ ሰው የሰማሁትን ንግግር እዚህ ልደግመው አልፈልግም። ይህን ስትሰማ አለቆቿን አስፈቅዳ፣ የክፍሉ ስም የሌለበትና «የሕክምና ቀጠሮ አለው» ብቻ የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለሁላችንም እንዲሰጠን አደረገች። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር፤ ያሰበው ግን አልነበረም።

የቫይረስ መጠን ምርመራችን የዘገየው ደግሞ የቫይረሱን ዘረመል አባዝተው የሚለዩት የላቦራቶሪ መሣሪያዎች በከፊል ወደ ኮቪድ ምርመራ ስለዞሩ ነበር። ውጤት ሳይመጣ ወራት ሲያልፉ ሰው የሚያስበው ክፉውን ነው። እርሷ መዘግየቱን ቀድማ ነገረችን እንጂ እስክንጠይቅ አልጠበቀችም፤ ለነፍሰ ጡሮችና ያለፈው ውጤታቸው ከፍ ላለ ሰዎች ቅድሚያ እንደሚሰጥም አስረዳችን።

ወሬውም ብዙ ነበር። ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የተባሉት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ለኮቪድ ፈውስ ይሆናሉ ተብለው ሲሞከሩ፣ ክኒናችንን አካፍሉን የሚሉ ዘመዶች ተነሡ፤ እኛም አንያዝም ብለን የተዘናጋን ነበርን። በ2020 አጋማሽ በታላላቅ ጥናቶች መድኃኒቶቹ ሆስፒታል የገቡ የኮቪድ ሕመምተኞችን እንዳልጠቀሙ ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሙከራውን በጁላይ አቆመ። አማካሪያችን ይህን በቀላል ቋንቋ እየደወለች አስረዳችን። በ2021 ድርጅቱ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ በጠና የመታመምና የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ሲገልጽ፣ ሳታስደነግጠን፣ መድኃኒታችንን ሳናቋርጥ እንድንወስድና ክትባቱን እንዳንሸሽ መከረችን። የሲዲ4 (የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያሳዩ የነጭ ደም ሴሎች) ቁጥራቸው ከ200 በታች ለሆነ ሰዎች ተጨማሪ ክትባት የሚመከር መሆኑን የሰማሁትም ከእርሷ ነው። ሳል ያለበትን ሰው ደግሞ ለኮቪድ ብቻ ሳይሆን ለሳንባ ነቀርሳም እንዲመረመር ትገፋፋ ነበር፤ የኮቪድ ውጤቱ ነፃ የሆነ ሰው እፎይ ብሎ ቤቱ እየገባ ሳንባ ነቀርሳው እንደሚዘነጋ ታውቅ ነበር።

የድጋፍ ቡድናችን መሰብሰብ ሲከለከል በስልክ እንድንገናኝ ያደረገችውም እርሷ ናት። እውነቱን ለመናገር የስልኩ ስብሰባ የፊት ለፊቱን አይተካም፤ ስልክ የሌላቸውም ቀርተውብናል፤ ለእነርሱ መድኃኒቱን በአቅራቢያቸው ከሚኖር፣ ራሳቸው ከመረጡት የቡድን አባል ጋር ትልክላቸው ነበር። ከሁላችንም በላይ የከበዳቸው መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ጓደኞቻቸውን የቀበሩ አረጋውያን ነበሩ። ለእነርሱ የመገለልና የቀብር ወሬ አዲስ ነገር አይደለም። ከእነርሱ ጋር ስትነጋገር ስለ ክኒን ሳትጠይቅ ረጅም ሰዓት ታዳምጣቸው እንደነበር አንደኛቸው ነግረውኛል።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። በክፍላችሁ አቻ አማካሪ ወይም ኬዝ ማናጀር (የታካሚዎችን ክትትል የሚያስተባብር ሠራተኛ) መኖሩን ጠይቁ፤ ካለ በምን ሰዓትና በየትኛው ቁጥር ቢደወልላችሁ እንደሚመቻችሁ፣ ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሣ ምን መባል እንዳለበት አስመዝግቡ። ሁኔታችሁ የተረጋጋ ከሆነ የብዙ ወር መድኃኒት እንዲሰጣችሁ፣ ርቃችሁ ከተቀመጣችሁም በአቅራቢያችሁ ካለ ተቋም እንድትወስዱ እንዲፈቀድላችሁ ጠይቁ። በወረርሽኙ ጊዜ መድኃኒት ያቋረጣችሁና እስካሁን ለመመለስ የምታፍሩ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የምታናግሩት እንዲህ ያለ ሰው ይሁን፤ ሲመለሱ የሲዲ4 እና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይደረጋል፣ ሕክምናውም እንደገና ይጀመራል።

ለተቋማት ኃላፊዎችም አንድ ነገር ላንሣ። እንደ እርሷ ያሉ ሠራተኞች በብዙ ቦታ በአነስተኛ አበል ወይም በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ፣ የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅም ቀድመው የሚሰናበቱ ናቸው። እኅታችንን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ኃላፊዎቿም ምስጋናቸውን በቋሚ ቅጥር ቢገልጹላት ደስ ይለኛል።