ኖኅና ኡትናፒሽቲም፦ አንድ ሰው ወይስ ሁለት?
የጥፋት ውሃን ይዘህ ፋንታሲ ልትጽፍ ነው እንበል። አንዱ መንገድ ኖኅንና በጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ተረት በጊልጋሜሽ ከጎርፉ የተረፈውን ኡትናፒሽቲምን አንድ ሰው ማድረግ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሁለቱም መርከብ ሠርተዋል፣ ወፍ ለቀዋል፣ መሥዋዕት አቅርበዋል። ችግሩ ሰማይ ላይ ነው፦ በዘፍጥረት አንድ አምላክ የሰውን ክፋት ይቀጣል፣ በጊልጋሜሽ ግን አማልክቱ ራሳቸው በላኩት ጎርፍ ደንግጠው ወደ ላይ ይሸሻሉ፣ የመሥዋዕቱ ሽታ ሲደርሳቸውም እንደ ዝንብ ይከቡታል (በጣም የምወደው ቦታ ነው)። ይህን ከጨፈለቅከው የሁለቱም ጣዕም ይጠፋል።

ሌላው ሁለቱንም በአንድ ዓለም ማኖር ነው። ኡትናፒሽቲም አይሞትም፣ ኖኅ ግን በ950 ዓመቱ ያርፋል። ቢገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን? ሥራው ይበዛል፣ አንባቢም ግራ ሊጋባ ይችላል። እኔ ግን ይሄኛው ይሻለኛል፤ ጎርፉን ማን እንዳመጣው እነሱው ይከራከሩበት።