ባዮሱን አፕዴት ካደረግኩ ዘጠኝ ወር፦ የማተሚያ ሱቄ ዴስክቶፕ እንዴት ከረመ?

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ባለችው የዲዛይንና የኅትመት ሱቄ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ አንድ ዴስክቶፕ አለኝ። የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ ባነር፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደረሰኝ ሳይቀር ከእሱ ነው የሚወጣው። ማዘርቦርዱ ቢ450 ነው። ፕሮሰሰሩ እስከ ባለፈው መጋቢት ድረስ ራይዘን 5 2600 ነበር፤ አሁን ራይዘን 5 5600ጂ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ግን መጀመሪያ ባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳውን የቦርዱን ሶፍትዌር፣ አፕዴት ማድረግ ነበረብኝ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ስገመግመው ማድረጌ ጥሩ ነበር እላለሁ፤ ያለ ምክንያት ግን አላደርገውም ነበር።

ለመቀየር ያሰብኩት ለፍጥነት ብዬ አይደለም፤ በመብራት ምክንያት ነው። 2600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ካርዱ ደግሞ ኃይል ይበላል። መብራት ሲሄድ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤሴ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝልኝ ነበር፤ ትልቅ የባነር ፋይል ኤክስፖርት እያደረግኩ ከሆነ ስድስት ደቂቃ አይበቃም። 5600ጂ ግራፊክሱ አብሮት ስላለ ካርዱን አውጥቶ መገላገል ይቻላል። ቦርዱ ላይ የሚገጠሙበት ሶኬትም አንድ ነው፣ ኤኤም4።

ችግሩ ቢ450 ቦርዶች የወጡት እ.ኤ.አ. በ2018፣ 5600ጂ ደግሞ በ2021 መሆኑ ነው። ባዮስ ማለት ቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት እሱ ይነሳል፤ ፕሮሰሰሩን ይለያል፣ ሜሞሪውን ያነቃል፣ ከዚያ ሥራውን ለዲስኩ ያስረክባል። የኔ ባዮስ የ2019 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወጣን ፕሮሰሰር ሊያውቅ አይችልም፤ ቢገጠምለትም ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ለብዙ ዓመት የምሄድበት ጥገና ባለሙያ ሳማክረው «ጋሼ፣ የሚሠራ ማሽን አይነካም» አለኝ። ልክ ነው። አፕዴቱ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቺፗ ላይ ግማሽ ጽሑፍ ይቀራል፤ ማሽኑም ዳግም ላይነሳ ይችላል። ያኔ ቺፗን ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ እንደገና የሚጽፍ ሰው መፈለግ ሊመጣ ነው። ለዚህ ነው ከአራት ዓመት በላይ ሳልነካው የቆየሁት፤ አሁንም አልቆጭበትም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የቦርዱ አምራች ያወጣው የፕሮሰሰር ዝርዝር ነው። 5600ጂ በዝርዝሩ አለ፤ አጠገቡም ከየትኛው የባዮስ ቨርዥን ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። የኔ ከዚያ በታች ነበር። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ።

ቀኑን መምረጥ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ አይታሰብም። ሁዳዴ ገብቶ ሰርግ ሲቆም፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ተቀመጥኩ። በእኛ ሰፈር መብራት የሚያስቸግረው አመሻሽ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ያደረግኩት ዝግጅት ከአፕዴቱ ይበልጥ ነበር፤ ማንም እንዲያልፈው አልመክርም። መጀመሪያ ዩፒኤሱን ፈተንኩት። ማሽኑ በርቶ ሳለ ከግድግዳው ነቀልኩትና ሰዓት ያዝኩ። ምንም ሳይሠራበት አሥር ደቂቃ ቆየ፤ አፕዴቱ የሚፈልገው ከአምስት ደቂቃ ስለማይበልጥ በቂ ነው። ዩፒኤስ ለሌለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ አይጀምረው።

ቀጥሎ የቦርዱን ሙሉ ስምና የሪቪዥን ቁጥሩን ቦርዱ ላይ ካለው ጽሑፍ አነበብኩ። ስማቸው አንድ ሆኖ ሪቪዥናቸው የሚለያይ ቦርዶች አሉ፤ ፋይላቸውም ይለያያል። ያወረድኩት ከአምራቹ ገጽ ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድም ከባድ አይደለም፤ ከ20 ሜጋባይት በታች ነው። ማስታወሻውን ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ፦ ከኔ ቨርዥን በቀጥታ ወደ አዲሱ መዝለል አይቻልም፣ መሀል ላይ ያለ አንድ ቨርዥን ቀድሞ መግባት አለበት። አዲሱ ከገባ በኋላም ወደ አሮጌው መመለስ እንደማይቻል ተጽፎ ነበር። ማስታወሻውን ሳላነብ ብገባ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አደረግኩ፣ የባዮሱን ሴቲንግ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አነሳሁ፣ የደንበኞችን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥኩ። ቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪም ቀየርኩ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ድረ ገጽ አልከፍት ይለኝ ነበር።

አፕዴቱን የሠራሁት አሮጌው ፕሮሰሰር እንደተገጠመ፣ ከዊንዶውስ ሳይሆን ከባዮሱ ገጽ ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ሁለተኛው ፋይል ገብቶ ማሽኑ ራሱን ሲያጠፋና ስክሪኑ ሲጨልም እጄ ወደ ማብሪያው ሄደ። «አጎቴ፣ እንዳትነካው!» ብሎ ያዘኝ። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል ምስል መጣ። ቦርዱ ከአፕዴት በኋላ ሜሞሪውን እንደ አዲስ ሲፈትሽ እንዲህ መቆየቱ ያለ ነው፤ እኔ ግን ያቺን ሁለት ደቂቃ አልረሳትም።

ፕሮሰሰሩን ስቀይር፣ ኤፍቲፒኤም በሚባለው የደኅንነት ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ቁልፎች ይሰረዙ ወይ የሚል ጥያቄ በስክሪኑ መጣ። ዲስኩን በቢትሎከር የቆለፈ ሰው የመክፈቻ ቁልፉን ሳይዝ እሺ ማለት የለበትም፤ ዲስኩ ላይከፈትለት ይችላል። እኔ ስላልቆለፍኩ እሺ አልኩ፤ የዊንዶውሱን ፒን ብቻ እንደገና አወጣሁ።

ያልጠበቅኩት ከሳምንት በኋላ ታየ። ኤክስፖርቱ እንዳሰብኩት አልፈጠነም። ሳጣራ አፕዴቱ ሴቲንጉን ሁሉ ወደ ፋብሪካው መልሶት፣ ሜሞሪውን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራው ኤክስኤምፒ የሚባለው ሴቲንግ ጠፍቶ፣ በ3200 መሥራት ያለበት ሜሞሪ በ2400 እየሠራ ነው። የአየር ማራገቢያው ፍጥነትም ተቀይሮ ኖሮ ይጮህ ነበር። ፎቶዎቹ የጠቀሙኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት አልፏል፤ ከጣና በኩል ነጎድጓድ እየመጣ መብራት የሚያጠፋበት ክረምትም አልፏል። ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ በራሱ አልተዘጋም። ዩፒኤሱ አሁን በሥራ ላይ 11 ደቂቃ ይይዛል፤ ለእኔ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት ሲያበቃም ወደ 11 ያለ ችግር ገባሁ፤ የሚጠይቀው ኤፍቲፒኤም በአዲሱ ባዮስ ቀድሞ በርቶ ነበር። ቅር ያለኝ ግራፊክሱ ከ16 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ ሁለቱን መውሰዱ ነው፤ ትልቅ ባነር ላይ ይታወቃል። ሜሞሪ መጨመሬ አይቀርም።

በእነዚህ ወራት ሌላ አዲስ ቨርዥን ወጥቷል። ማስታወሻው «መረጋጋትን ያሻሽላል» ከማለት በቀር የሚለው የለም፤ ማሽኔ የተረጋጋ ስለሆነ አልጫንኩትም። እኔን የሚመለከት የደኅንነት ቀዳዳ መዝጋቱን ቢጽፉ ግን በሚቀጥለው እሁድ እቀመጥ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከጎኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት እህታችን ያንኑ ዓይነት ቦርድ ይዛ «ለእኔም አፕዴት አድርግልኝ» ብላ መጣች። ፕሮሰሰሯን ልትቀይር አላሰበችም፣ ማሽኗ አንድም ቀን አላስቸገራትም፣ ዩፒኤስም የላትም። ተይው አልኳት፤ ባትሪዋን ብቻ ቀየርኩላት።